አልጫ እስከ ባሮ

ጥቅምት 12፣ 2006። ቦንጋን አለፍ ብሎ

ከጅማ ከወጣን ሁለተኛ ቀናችን ነው። ልጄ ከውሰር "እማ፣ ያየሽውን ሁሉ ጻፊ፣ ስትመለሺ ታነቢልኛለሽ" ብላ ይህን ደብተር ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሰው ልጆች ደብተር ሳርም ኖሬ የራሴ ሲኖረኝ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። ቀይ እስክሪብቶ አልያዝኩም፤ ስህተቱ እንዳለ ይቀመጥ።

ባሌ አባቢያ አሮጌ ፒካፑን ቤት አድርጎታል። ከኋላ ፍራሽ አንጥፎ፣ በብረት ቅስት ላይ ሸራ ወጥሮ፣ ቡታጋዝ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ የሶላት ምንጣፍና ድስቶቼን ጭኖበታል። ልጆች ሲያዩን "ድንኳን በጎማ!" እያሉ ይከተሉናል። እሱ ደግሞ ጥሩምባ እየነፋ ያባብሳቸዋል። የስልሳ ሰባት ዓመት ሽማግሌ!

አርባ ዓመት በጭነት መኪና ከዚህ አገር ቡና ሲያመላልስ እኔ ጅማ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። "ጡረታ ስትወጪ ቡና የምጭንበትን አገር አንድ በአንድ አሳይሽና መጨረሻ አሰብ ወስጄ ባሕር አሳይሻለሁ" ይለኝ ነበር። ሰኔ ላይ ጡረታ ወጣሁ። አሰብ ከተዘጋ ግን ዓመታት አለፉ። "ባሕሩ ባይሆን ባሮ አለልሽ፤ እሱም ዳርቻ አለው፣ እሱም ድሮ መርከብ ያውቅ ነበር" አለኝ። እኔም ውሃ ውሃ ነው ብዬ ተነሳሁ።

ሸራውን የሚያስርበት አንድ ቋጠሮ አለው። ዛሬ ሽንኩርት ላወጣ ብዬ ስታገለው ጥፍሬ ተሰበረ። መጥቶ አንዷን ጫፍ ሳብ ሲያደርጋት ሁሉም ተፈታ። "ይህን ቋጠሮ የምናውቀው እኔና ናስረዲን ብቻ ነን" ይላል። ናስረዲን የድሮ ረዳቱ ነው፤ አሁን ቴፒ ሱቅ ከፍቷል።

ጥቅምት 15፣ ሸዋ ቤንች

ንጋቷ የምትባል ሴት ግቢ ውስጥ ቆመናል። ለመንገደኛ ምግብ ትሠራለች፤ አባቢያን ከሾፌርነቱ ዘመን ጀምሮ ታውቀዋለች። ጴንጤ ናት። ሥጋዋን እንደማንበላ ስለምታውቅ ጎደሬ ቀቅላ በዳጣ አቀረበችልን። እኔ አንድ ጊዜ ጠቅሼ ውሃ ጠራሁ። እሱ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ሳህኑን ጠረገው። ይህ ሰው ያለ በርበሬ ውሎ አያውቅም። በሠርጋችን ሰሞን ወጤን ቀምሶ "ይህ ገና ልጅ ነው፣ ይደግ" ብሎ ያስለቀሰኝን አልረሳሁትም።

ከምሳ በኋላ ግን ጎኑን ይዞ ጎንበስ አለ። ንጋቷ አየችው።

"ጨጓራ ነው ይኼ" አለችኝ። "የኔም ሰውዬ እንዲህ ነበር። በርበሬ ተው በይው።"

"በርበሬ ከሚተው እኔን ቢተወኝ ይቀለዋል" አልኳትና ተሳሳቅን።

ማታ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ያዝኩት። "መንገድ ያከሳል" አለኝ። ሚዛን ስንደርስ ሐኪም ሳያይህ አንድ እርምጃ አልንቀሳቀስም ብዬዋለሁ።

ጥቅምት 18፣ ሚዛን ተፈሪ

ጨጓራ አይደለም።

ያው ዕለት፣ ከአስር ሶላት በኋላ

ተኝቷል። አሁን ልጻፈው።

ሐኪሙ ልጅ ነው፤ ካስተማርኳቸው አንዱ ሊሆን ይችል ነበር። ምርመራውን ጨርሶ እሱን "አባቴ፣ ውጭ አየር ይውሰዱ" አለውና እኔን አስቀረኝ።

"አብሮዎት የመጣ ወንድ የለም? ልጅ፣ ወንድም?"

"ያለሁት እኔ ነኝ። ንገረኝ።"

"ጉበታቸው ላይ ነው እናቴ። በጣም ተሠራጭቷል። አዲስ አበባም ቢወስዷቸው ከማድከም በቀር..." አልጨረሰውም።

"ስንት ጊዜ?"

"እሱን ፈጣሪ ያውቃል። ሁለት ወር ቢሆን ነው።"

ለሕመሙ ኪኒን ጻፈልኝ። ለእሱ ምን ልበለው ስለው "እሱ እንደ ቤተሰባችሁ ልማድ ነው" አለኝ። እንደ ቤተሰባችንማ ለታመመ ሰው በሽታው አይነገርም። አባቴ ሳይነገረው ሞተ። እናቴም እንዲሁ። የሰው ተስፋ አይቆረጥም እየተባለ ነው ያደግነው።

ስወጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከባጃጅ ነጂ ጋር ስለ ጎማ ይከራከራል። ቀና ብሎ አየኝ።

"ምን አለ ልጁ?"

የንጋቷ ቃል አፌ ላይ መጣ። "ጨጓራ ነው። ከእንግዲህ በርበሬ የለም።"

"እንግዲያማ ገደለኝ በያ!" ብሎ ሳቀ። ባጃጅ ነጂውም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም።

ጥቅምት 19፣ ሚዛን

ከውሰር ጋር በስልክ ተላቀስን። "ለአባዬ ምንም እንዳትይው፤ ቶሎ ወደ ቤት መልሺው" አለችኝ።

ቀስ ብዬ "ብንመለስስ? ደክሞኛል" አልኩት።

"ባሮን ሳላሳይሽ? አርባ ዓመት ዋሽቼሽ ደግሞ አሁን ልዋሽሽ?"

ቤት ወስጄ ጣራ ሲያይ ከሚውል መንገዱን ይጨርስ። ባሮ ስንደርስ እነግረዋለሁ። የራሱ ሞት ነው፤ የማወቅ መብት አለው። ባሮ ዳር ቁጭ ብለን፣ እጁን ይዤ እነግረዋለሁ።

የመጀመሪያውን አልጫ ሠራሁለት። ቀምሶ ማንኪያውን አስቀመጠና ሳህኑን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በላ።

ጥቅምት 20፣ ሚዛን

ዛሬ ያደረግሁትን ለማንም አልናገርም። ገበያ ወርጄ አቡጀዲ ገዛሁ። ዘመድ በሌለበት መንገድ ላይ ድንገት ቢሆንብኝስ ብዬ ነው። ባለሱቁ "ለአንሶላ ነው?" አለኝ፤ አዎ አልኩት። ባሌ በሕይወት እያለ፣ ከተማው ውስጥ ጎማ እያስነፋ ሳለ፣ እኔ ከፈኑን በሜትር አስለካሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

በጋዜጣ ጠቅልዬ በቀይ ክር አስሬ ፍራሹ ሥር፣ ከራስጌ በኩል ሸሸግሁት።

ጥቅምት 22፣ ከሚዛን ወደ ቴፒ መንገድ

ውሃ ቀድቼ ስመለስ ፍራሹን አንስቶ፣ ዕቃውን ሁሉ መሬት አውርዶ እንደገና ይጭናል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ጭነቱ ወደ ግራ አጋድሏል። አስተካከልኩት።"

ፊቱን አየሁት፤ ምንም የለበትም። ዘወር ሲል እጄን ከፍራሹ ሥር ሰደድኩ። ጋዜጣው እቦታው አለ። አልሐምዱሊላህ፣ አላየውም። የሾፌር ዓይን ጎማ እንጂ ሌላ አያይም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉ ዝም አለ። ጨጓራው ነው አለኝ።

ጥቅምት 23

ደግሞ አዲስ አመል አመጣ። መንዳት ካላስተማርኩሽ አለ! ስልሳ ዓመት ሞልቶኝ! "ፀሐዩ ዓይኔን እየወጋኝ ነው፤ ቡና የሚያደርቁበት ያ ሜዳ ባዶ ነው፤ ነይ ያዢ።" ሞተሩን ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። አራተኛው ላይ ፍየል ልገጭ ነበር። ጭቅጭቁ ከእኔ ክፍል የባሰ ነው። ሲጨርስ "አራት ከአሥር" ብሎ ማርክ ሰጠኝ።

ጥቅምት 29፣ እዚያው ሜዳ

ክላች። ክላች። ክላች። እግሬ አብጧል። አምስት ከአሥር።

ኅዳር 4፣ ቴፒ

ናስረዲን ግቢ ውስጥ ነን። ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ፂሙ ሸብቷል፤ አባቢያን ሲያይ ግን እንደ ድሮው ለመታዘዝ ቆመ። "ጋሼ፣ ከሳህ" አለው ሳያስብ። እኔ ከኋላ በዓይኔ ገሠጽኩት። ማታ ለብቻው ጠርቼ እውነቱን ነገርኩትና እንዳይተነፍስ አስማልኩት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

የለቀማ ሰሞን ነው። መንገዱ ሁሉ ቀይ እሸት ቡና በጆንያ የተሸከመ ሰው ነው፤ ከተማው የጀንፈል፣ የደረቀ ቡና ፍሬ፣ ሽታ ይሸታል። አባቢያ አንዲት እሸት ፍሬ አኝኮ "ይህ የጥላ ቡና ነው" ይላል፤ ጣዕም እየጠፋበት መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ ትናንት ያለ ጨው የቀረበለትን ሳያውቅ በልቷል። ወይም አውቆ ዝም ብሏል።

ኅዳር 7፣ ቴፒ

የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። መስታወት ፊት ቆሞ ሲያይ ደረስኩ። ምን ልበል?

"የዚህ አገር እርድ ነው" አለኝ እየሳቀ። "አልጫው ላይ አበዛሽብኝ።"

"ልቀንሰው" አልኩ። እንዲህ ያለ ቀላል ሰው ነው፤ ያሉትን ሁሉ ያምናል። እኔስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 10፣ ቴፒ

ዛሬ ደግሞ ዘይት ማየት፣ ጎማ መቀየር፣ ያንን ቋጠሮ መፍታት። "ሁለት ዙር፣ በመሃል እጥፍ፣ ጫፏን ታስቀሪያለሽ። ስትፈልጊ ጫፏን ብቻ።" አሥር ጊዜ አሠራኝ። ለምን እንደሚያስለፋኝ አይገባኝም፤ ለሸራው እሱ አለልኝ።

መንዳቱም ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፤ ከቴፒ ወደ ሚዛን፣ ከሚዛን ወደ ሸዋ ቤንች መገንጠያ ደርሰን መመለስ። "ወደ ባሮ በሚወስደው ለምን አልነዳም?" ስለው "እሱን እኔ እነዳዋለሁ፤ አንቺ የቤትሽን መንገድ ልመጂ" አለኝ። በየከተማው ያሉ ጋራዦችንና የሰዎች ስልክ በደብተሬ ጀርባ አጻፈኝ። ትዝታው ነው ብዬ ጻፍኩለት። ሰባት ከአሥር።

ኅዳር 13፣ ቴፒ

ከጁምዓ በኋላ ናስረዲንን አስከትሎ ከመስጊዱ ጀርባ፣ የሙስሊም መቃብሩ ጋ ቆሞ ነበር። ምን ታደርጋላችሁ ስለው "ዋንዛውን እያየን ነው፤ ጥላው ደስ አይልም?" አለኝ። ናስረዲን ቀና ብሎ አላየኝም።

ከውሰር ስትደውል "ነገርሽው እንዴ?" አለችኝ። "ባሮ ላይ" አልኳት። "እማ፣ ተይው፤ አሁን ደስ ብሎታል።" እውነቷን ይሆን? ቀኑ ግን እያለቀ ነው።

ኅዳር 21፣ ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር

ደረስን።

ሙቀቱ እሳት ነው። ውሃው ግን ሰፊ፣ ዝም ያለ፣ ቡናማ። ማዶ ልጆች ይታጠባሉ፤ ማንጎው ሥር ሴቶች ዓሣ ይሸጣሉ። አባቢያ ከመኪናው እስከ ውሃው ሃያ እርምጃ ለመሄድ ሁለት ጊዜ አረፈ። ትከሻዬን ተደግፎ ተቀመጠ።

"ይኸው ዳርቻሽ" አለኝ። "መርከቡን ግን አርፍደሻል።"

እግሬን ውሃ ውስጥ ነከርኩ። አርባ ዓመት የጠበቅሁት ይኸ ነው። ያን ሁሉ የተዘጋጀሁበትን ንግግር ልጀምር ነው። እጁን ያዝኩ፤ ቀለለብኝ።

"አባቢያ፣ ሚዛን ላይ ያ ሐኪም..."

"ጨጓራ አለ አይደል?" ብሎ ፊቴን አየ። ረጅም አየኝ።

"አዎ" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ። ጨጓራ ምን አላት።"

እፎይ ማለቴን አልደብቅም፤ ከዚያ በራሴ አፈርኩ። ይኼኔ እሱ ውሃውን እያየ ጀመረ።

"ቱርኬ፣ ስንት ዒድ ብቻሽን አሳለፍሽ? ከውሰር ስትወለድ እንኳ ጭነት ላይ ነበርኩ። አፉ በይኝ፤ የበደልኩሽን ይቅር በይኝ።"

አፉ ብዬሃለሁ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። ያን ካልኩ ግን መሰናበቴ ነው፣ ይገባዋል ብዬ ፈራሁ። ተቆጣሁት።

"ምን ነካህ አንተ? ሰው ሽርሽር መጥቶ እንዲህ ያወራል? በል ተነስ፣ ፀሐዩ ይመታሃል!"

"እሺ ቲቸር" አለ። ተነሳ።

ኅዳር 24

በመልሱ መንገድ የነዳሁት እኔ ነኝ። እሱ ከጎኔ ተጋድሞ ዓይኑን ጨፍኖ በጆሮው ይከታተላል። "ሁለተኛ አግቢ። ፍሬን አትርገጪ።" ዘጠኝ ከአሥር ሰጠኝ። አንዷን ለምን ቀነስክ ስለው "ወደፊት የምታሻሽይው ይኑርሽ" አለኝ።

ታኅሣሥ 3፣ ቴፒ

ከናስረዲን ቤት አልጋ ላይ ነው። ሁለት ማንኪያ ይውጣል። አፉ በይኝ ያለውን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ነገ እለዋለሁ።

ታኅሣሥ 5

አልኩት ማለት አልችልም። ናስረዲን ገባ።

ታኅሣሥ 7፣ ቴፒ

ዛሬ ትንሽ ነቃ ብሎ "የንጋቷን ዳጣ አሰብኩ" አለኝ። "በጣት ጫፍ ታህል ብትኖር።"

"ጨጓራህስ?" አልኩት። ውሸቴን እጠብቃለሁ ብዬ።

ሳቅ አለ። "እውነትሽን ነው። ጨጓራዬ።"

አልጫውን አጎረስኩት።

ታኅሣሥ 8

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከሱብሒ ሶላት በኋላ። እጁ እጄ ውስጥ ነበር።

ታኅሣሥ 11፣ ቴፒ

ዋንዛው ሥር ቀበሩት። ከውሰር በማግስቱ ደረሰች። እኔ አሁን ነው መጻፍ የቻልኩት።

ሊያጥቡት ሲዘጋጁ ናስረዲን በሩ ላይ ቆሞ "እትዬ፣ ከፈን ልገዛ ልላክ?" አለኝ። "አለ" አልኩት። ወደ መኪናው ሄጄ ፍራሹን አነሳሁ። ጋዜጣው አለ። ቀዩ ክሬ ግን የለም። በሸራው ገመድ ቁራጭ ታስሯል፤ ሁለት ዙር፣ በመሃል እጥፍ፣ ጫፏ ቀርታ።

"ናስረዲን፣ አንተ ነህ ያሰርከው?" አልኩት።

ገመዱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "ነክቼው አላውቅም እትዬ። ይህ የጋሼ እጅ ነው።" ከዚያ አለቀሰ። "ያውቅ ነበር። እንደመጣችሁ ሰሞን ነገረኝ። ቱርከያ እንዳታውቅ፣ ትሰበራለች፣ ብሎ አስማለኝ። አንቺም አስምለሽኝ ነበር። እኔ በሁለታችሁ መሃል ምን ላድርግ?"

ጫፏን ሳብኩ። ተፈታ።

አቡጀዲው ውስጥ አንዲት ትንሽ የሽቶ ብልቃጥ አለች፣ ለጀናዛ የሚቀባው። እኔ እሱን መግዛት ረስቼ ነበር። አርባ ዓመት "ጨው ረሳሽ፣ ክብሪት ረሳሽ" እያለ ጭነቴን ሲያሟላልኝ ነው የኖረው። ይህንንም አሟላልኝ።

ከጥቅምት 22 ጀምሮ ያውቅ ነበር ማለት ነው። በማግስቱ መሪ አስያዘኝ። እኔ አመል ነው ብዬ ጻፍኩ።

መኪናው ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ዘጋሁና "አፉ ብዬሃለሁ፣ አፉ ብዬሃለሁ" አልኩ። የሚሰማ አልነበረም።

ታኅሣሥ 16፣ ሸዋ ቤንች

ዒዳዬን፣ የመበለት ወራቴን፣ ቤቴ ልቀመጥ ብዬ ወደ ጅማ ተነሳን። ናስረዲን እነዳለሁ ብሎ ነበር፤ ከልክዬው ከኋላ ከፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ከውሰር ከጎኔ ናት። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ የሚያስቆመኝም አልመጣም። ከቴፒ እስከዚህ ያለው መንገድ እያንዳንዱ ጉድጓድ ይታወቀኛል፤ አንድም ጊዜ አላጠፋሁትም።

ንጋቷ መኪናውን ከሩቅ አይታ በሩን ከፈተችልን። ምንም አልሰማችም። ጎደሬውን በዳጣ ይዛ መጣች፣ ከድሮው የቀላ፣ "ለሾፌሬ ብዬ ነው ያዘጋጀሁት" እያለች። ሐዘኑ እንዳይሰማኝ ብዬ ብዙ ጠቅሼ ጎረስኩ። አምሳ ቀን አልጫ በላልኝ። የሌለበትን ጨጓራ፣ የእኔ ውሸት እንዳይፈርስ ብሎ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያማርር። የመጨረሻዋን የጣት ጫፍ ዳጣ የከለከልኩት እኔ ነኝ።

ንጋቷ ከመሪው የወረድኩት እኔ መሆኔን አስተውላ ነበር። አሁን ወደ ሸራው አየች፤ ናስረዲን ብቻውን ሲወርድ አየች። አሁንም አልገባትም።

"ጨጓራው እንዴት ሆነለት?" አለችኝ።

"ጨጓራ አልነበረም" አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። የነገርኩት ግን ለንጋቷ ነው።